«ተርን ዳውን» እና የእኛ «መለሰ»



በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ተርን ዳውን» የሚባል ግሥ አለ። ቃል በቃል ሲፈታ ወደ ታች ማዞር ነው። ነገር ግን ስለ ራዲዮ ሲነገር ድምፁን መቀነስ፣ ስለ አልጋ ሲነገር ለመኝታ ልብሱን መግለጥ ይሆናል። ስለ ማመልከቻ በተነገረ ጊዜ ግን ይከብዳል፤ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም ማለት ነውና።

የባዕድ ቋንቋ ጠባይ ነው ብለን ከመሳቃችን በፊት የራሳችንን «መለሰ» እንመልከት። በቆቦና በአላማጣ መካከል በምትገኘው በዋጃ፣ እንደ ሌላው የራያ ቆላ ሁሉ፣ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። ጎርፉን ወደ ማሳው ቢያመጣው «መለሰው» እንላለን፤ ማሳውን እንዳይጠርግበት ቢያርቀውም ያው «መለሰው» ነው። ብድርም ይመለሳል፤ የጠፋ ከብትም ይመለሳል፤ ለጠያቂም ቃል ይመለሳል።

እንግዲህ ይህ ገበሬ ስለ መሬቱ አመልክቶ ሳለ፣ ጸሐፊው «ጥያቄዎ ተመልሷል» ብሎ ቢያሰናብተው ምን ይረዳ? የለመነውን ያገኘ መስሎት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባ ይሆናል። መዝገቡ ግን የሚለው አልተፈቀደም ነው። የይግባኙ ቀን እርሱ ማሽላውን ሲጠብቅ ያልፍበታል። (ጸሐፊውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ክፉ ሐሳብ አልነበረውም።)

ስለዚህ ብዕር የያዛችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ተፈቅዷል» ወይም «አልተፈቀደም» ብላችሁ ጻፉ። ያልተፈቀደም እንደ ሆነ ምክንያቱንና ይግባኝ የሚባልበትን የመጨረሻ ቀን ከዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ማንበብ ለማይችል ባለጉዳይም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።