የጠላ ሙያ በምክር ይጠነክራል



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጠላ ነው። «ስለ ጠላማ ተማሪ ከእኛ የበለጠ ምን ያውቃል?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ጠላ መጥመቅ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እኔ ልጃችሁ የመጣሁት ሙያውን ላስተምራችሁ አይደለም። ሙያው ከአንዷ እናት ወደ ሌላዋ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ሳይተላለፍ ሲቀርም ምን እንደሚጎዳ አብረን እንድናስብ ነው።

እስቲ የግሸንን አካባቢ እንመልከት። ግሸን በአምባሰል የሚገኝ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያም በዓል ሲከበር ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል። ዘመድ ዘመዱን ይጠይቃል። እንግዳ ወደ ቤት ይገባል። ከዚህም ሌላ ሠርግ አለ፤ ተዝካር አለ፤ ደቦ አለ፤ የወር ማኅበር አለ። በዚህ ሁሉ መካከል ጠላ አለ። ጠላው ሲያምር ቤቱ ይመሰገናል። ጠላው ሲበላሽስ?

ጠላ ሲበላሽ የሚጠፋው መጠጥ ብቻ አይደለም። ገብሱ ወይም ማሽላው ከጎተራ የወጣ የቤተሰብ እህል ነው። ውኃው በእንስራ፣ በእናት ጀርባ የመጣ ነው። እንጨቱ በስንት ድካም የተለቀመ ነው። በዚያ ላይ መስከረም አዲሱ እህል ገና ያልደረሰበት፣ ጎተራው የጎደለበት ወር ነው። በመስከረም አንድ ጋን ጠላ የደፋች እናት የልጆቿን እንጀራ እንደ ደፋች ይቆጠራል።

እጅ ማለት ምን ማለት ነው?

ጠላው ሲያምር ሰው «እጅ አላት» ይላል። ሲበላሽ ደግሞ «እጇ አይሆንም» ወይም «ዓይን በላው» ይባላል። ይህ አነጋገር ይጎዳል። ነገሩ የእጅ ከሆነማ፣ እጅ የሌላት ሴት ምን ታድርግ? ታፍራለች። የሆመጠጠውን ጠላ ሰው ሳያያት በሌሊት ትደፋለች። ለጎረቤት አትናገርም። ባለመናገሯም በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ትደግማለች።

ነገሩ ግን የእጅ አይደለም። ምክንያት አለው። ምክንያቱም ይታወቃል።

በጋኑ ውስጥ የሚሠራው ማን ነው?

እህል ሲበቅል ዱቄቱን ወደ ስኳር የሚለውጥ ነገር በውስጡ ይፈጠራል። ብቅል ሲታኘክ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው። ከዚያ እርሾ ይመጣል። እርሾ ሕይወት ያለው፣ ለብቻው በዓይን የማይታይ በጣም ትንሽ ነገር ነው። ስኳሩን ይበላል፤ አልኮልና አንድ ዓይነት አየር ያወጣል። ጥንስሱ የሚፈላውና የሚያረፋው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍላት ሕይወት ያለው የእርሾ ሥራ መሆኑን በምርምር ካስረዱት ሊቃውንት ዋነኛው ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ምርምሩን ማሳወቅ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 ዓ.ም. ነበር። እናቶቻችን ግን የሰውየውን ስም ሳይሰሙ፣ ይህንኑ እርሾ ሲያሠሩት ኖረዋል።

ታዲያ ወደ ጋኑ የሚገባው እርሾ ብቻ አይደለም። ሌሎች የማይታዩ ነገሮችም ይገባሉ። አንዳንዶቹ የውጭ አየር ሲያገኙ ጠላውን እንደ ኮምጣጤ ያደርጉታል። ስለዚህ የአያቶቻችን ደንብ ትርጉም አለው። ጋኑ በግራዋ የሚታሸውና በወይራ የሚታጠነው ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ የሚያበላሹትን ለማዳከምም ነው። ጌሾም ከምሬቱ ሌላ የሚያበላሹትን ይከላከላል። አውሮፓውያን ለቢራቸው ሆፕ የሚባል ተክል አበባ ይጨምራሉ፤ ሥራው የጌሾን ይመስላል። የጋኑ አፍ የሚመረገውም የውጭ አየር እንዳይገባ ነው።

ሲጠያየቁ የሚገኝ ጥቅም

አሁን አራት ጎረቤታሞች ቡና ላይ ተቀምጠዋል እንበል። አንዷ ሳታፍር እውነቱን ተናገረች። «ጠላዬ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ሆመጠጠብኝ» አለች። ሌሎቹ ካልሳቁባት መጠየቅ ይጀምራሉ።

«ጋኑ በደንብ ታጥቦ፣ ደርቆ ነው የታጠነው?»

«ብቅሉ ሻግቶ ኖሯል?»

«ቂጣውን ሳይበርድ ጨምረሽው ይሆን?»

«ስትቀጂስ አፉን መልሰሽ ትከድኛለሽ?»

በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ነገሩ ይገኛል። «ኧረ ልጆቹ እየቀዱ ክፍቱን ይተዉታል!» ትላለች። ትልቋ ጎረቤት መልሱን ትሰጣለች። «እንግዲያው ጋኑን የከፈትሽ ለታ ወደ እንስራ አጥልለሽ ገልብጪው። የየእንስራውን አፍ ድፈኚ። አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አትክፈቺ።» የሚቀጥለው ጋን እህል በአንድ ቡና ጨዋታ ዳነ ማለት ነው።

ልብ በሉ። ሌሎቹም ጥያቄዎች ከንቱ አይደሉም። ቂጣው ትኩስ ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል፤ ጥንስሱም ዝም ይላል። የሻገተ ብቅል ደግሞ መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ መርዙም ጠላው በመፍላቱ አይጠፋም። የሻገተውን ብቅል መጣል ይሻላል። ለከብትም አይሰጥ።

የወር ማኅበርም እንዲሁ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። 12 አባላት ያሉት ማኅበር እንበል። አንዲት እናት ለማኅበሯ የምትጠምቀው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የምትቀምሰው ግን የ12 ቤት ጠላ ነው። አንዱ ቤት ጌሾው በዝቶ ይመርራል። ሌላው ቤት አሻሮው በእሳት በዝቶበት ያርራል። ሌላው ቤት ጥርት ብሎ ይወርዳል። ቀምሳ ዝም ካለች አንድ ጽዋ ጠጣች። ቀምሳ ከጠየቀች አንድ ሙያ ይዛ ተመለሰች። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለም?

ወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብተው የሚኖሩበት አገር ነው። ሙስሊሟ ጎረቤት ጠላ አትጠጣም። ነገር ግን ቀሪቦ ስታዘጋጅ ገብሱ ሳያርር ጠቆር ብሎ እንዲቆላ እሳቱን እንዴት እንደምትይዝ ታውቃለች። ጠላ ጠማቂዋም ለአሻሮዋ የምትፈልገው ይህንኑ ነው። መጠጡ ይለያያል እንጂ ምክሩ ይገናኛል።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ለብዙ ዘመን ክልክል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. የማዕከላዊው መንግሥት ሕግ ፈቀደ። በዚያው ዓመት የቤት ጠማቂዎች ማኅበር ተቋቋመ። ጠማቂዎቹ እየተገናኙ የጠመቁትን ይቀማመሳሉ። የተበላሸውንም ሳያፍሩ አምጥተው «ምን ጎድሎት ነው?» ይባባላሉ። ከሁሉ ይልቅ ልኩን በደብተር ይጽፋሉ።

ልኩን ጻፉት

እናንተም አሁን ፊደል ለይታችኋል። እናት ለልጇ «ጌሾ እፍኝ፣ ብቅል ትንሽ» ብትላት፣ የማን እፍኝ? ስንት ነው ትንሽ? ስለዚህ አንድ ጣሳ ለዩ። ሁልጊዜ በእርሱ ስፈሩ። ከዚያ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ። ልኩ ለምሳሌ ያህል ነው።

«መስከረም 6 ጠነሰስኩ። ጌሾ 3 ጣሳ፣ ብቅል 4 ጣሳ። መስከረም 9 ቂጣ ጨመርኩ። መስከረም 14 ውኃ ሞልቼ መረግሁ። መስከረም 20 ከፈትኩ። ጠላው ጥሩ ነው። ጌሾው ግን በዝቷል።»

ይህች ትንሽ ወረቀት ብዙ ትሠራለች። በሚቀጥለው ጊዜ ጌሾው ይቀነሳል። ጎረቤት ስትጠይቅ መልስ ይኖራል። ልጅ ስታገባ ይዛው ትሄዳለች። እናት ብታልፍም ልኩ አብሯት አይቀበርም።

አባቶችንም አንድ ነገር ልለምን። ውኃው፣ እንጨቱ፣ ቆላው፣ ወቀጣው ሁሉ በአንዲት እናት ላይ ነው። የሚጠጣው ግን መንደሩ ነው። በውኃውና በእንጨቱ እጃችሁን አግቡበት። ሲጠጣም በልክ ይሁን። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴቶች ጠላ አይሰጥ።

እንግዲህ ቃሌ ይኸው ነው። ጠላዋ የተበላሸባት ትናገር። የሰማች አትሳቅ። የምታውቅ አትደብቅ። ፊደል የለየ ይጻፍ።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. የጋን አፍ የሚመረገው ለምንድን ነው?
2. በመንደራችሁ ጠላ የተበላሸባት ሴት ለምን ትደብቃለች? ምን ቢደረግ ትናገራለች?
3. የቤታችሁን የጌሾና የብቅል ልክ በደብተራችሁ ጻፉ። ከጎረቤታችሁ ልክ ጋር አስተያዩት።