ባለቤት የሌለውን ግድግዳ ማን ይምረገው?

(አረቅጥ ላይ ለመስቀል ለተሰባሰቡ የከተማው ነዋሪዎችና ተወላጆች የተደረገ ንግግር)

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤት ነው። መንገድ ዳር ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው፣ አንድ ቆርቆሮ ለብሰው ስለሚኖሩት መደዳ ቤቶች። ፊታቸው ሱቅ ወይም ሻይ ቤት፣ ጓዳቸው መኖሪያ።

“አርጅተዋልና ይፍረሱ!” የሚል አለ። እኔ ደግሞ ማን አስረጃቸው? እላለሁ። ጭቃ ነው እንዳትሉኝ! የጉራጌ ጎጆ እንጨትና ሣር ሆኖ ለልጅ ልጅ ይተላለፍ የለም እንዴ? በጀፎረ ግራና ቀኝ ተሰልፎ፣ ማንም ወደ ጀፎረው እንዳይገፋ በቂጫ ተጠብቆ ኖሯል። ምስጢሩ ግልጽ ነው፤ ቤቱ ባለቤት አለው፣ ሰፈሩም ሕግ አለው።

የከተማው መደዳ ቤትስ? እሱ ባለቤት ያጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ያን ዕለት ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ኪራይ ተቀነሰ፣ ድሃው እፎይ አለ፤ ይኼን መካድ አይቻልም። ዳሩ ግን በዚያች ኪራይ ጣሪያ አይቀየርም! ቀበሌው “በጀት የለኝም” ይላል። ተከራዩ “ነገ ለሚቀሙኝ ቤት ለምን ሚስማር እገዛለሁ?” ይላል። በመካከሉ ምስጥና ዝናብ ሥራቸውን ይሠራሉ። ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጥቶ ሄደ፣ ብልጽግና መጣ… የቀበሌ ቤት ግን ያው የቀበሌ ቤት ነው።

“ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” ይባላል። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ስም ሲፈርሱ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ስሙ “ተነሺ” ሆነ። “ልታድሰው ትፈልጋለህ ወይ?” ብሎ የጠየቀው ማን ነው? ልማቱ ዛሬ ወደ ክልል ከተሞችም ወጥቷል። ተራው የእኛ ሳይሆን እንነጋገር!

ማደስ ይቻላል ወይ? ይቻላል! የጭቃ ቤት የሚሞተው ከላይና ከታች ነው። ከላይ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ከታች እርጥብ አፈር ውስጥ የቆመ ባሕር ዛፍ። ጣሪያውን በባላ ደግፎ የበሰበሰውን ቋሚ አንድ በአንድ መቀየር፤ ቋሚው አፈር እንዳይነካ ከሥሩ በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት መሥራት፤ እንጨቱን የተቃጠለ ዘይት መቀባት፤ ከጀርባ ቦይ መቅደድ፤ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶና አሰንብቶ መምረግ። የአካባቢው አናጢ ይኼን ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ መደዳ ቤት ለብቻ አይታደስም! የአንዱ ጣሪያ ሲያፈስ የጎረቤቱ ግድግዳ ይርሳል። የአንዱ ቋሚ ሲዘም ሌላውን ይጫናል። ስለዚህ ተርታው በሙሉ ባንድነት መሥራት አለበት። ለዚህ ደግሞ ዕድርና ዕቁብ ያለው ሕዝብ መምህር አያሻውም።

እንግሊዝ አገር፣ ሊቨርፑል ከተማ፣ ግራንቢ በሚባል ሰፈር መደዳ ቤቶች ታሽገው መፍረሻቸውን ሲጠብቁ የቀሩት ነዋሪዎች መንገዱ ላይ አበባ ተከሉ፣ የታሸጉትን ቤቶች ቀለም ቀቡ። በ2011 እ.ኤ.አ. መሬቱን በጋራ የሚይዝ ማኅበር አቋቁመው 10 ቤቶች አሳደሱ። እነሱ የቻሉት መሬቱ ላይ መብት ስላገኙ ነው።

እኛስ ምን እንጠይቅ? አንደኛ፣ ተከራዩ የረጅም ዘመን ውል በጽሑፍ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ለእድሳት ያወጣው ወጪ ተመዝግቦ ከኪራዩ ይታሰብለት። ሦስተኛ፣ አቅሙን ባገናዘበ ዋጋ ቤቱን የመግዛት ቅድሚያ ይኑረው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ዜጋ በጉልበቱና በገንዘቡ መሬት ላይ ላፈራው ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል መብት እንዳለው ይናገራል። ታዲያ ግድግዳ የመረገ ተከራይ ዜጋ አይደለም?

ከአዲስ አበባ ለመስቀል የመጣችሁ ወገኖቼ! እዚህ ፎቅ ለመሥራት ታስቡ ይሆናል፤ መልካም ነው። ግን ከፎቁ በፊት የእናቶቻችንን ሻይ ቤቶች የያዘውን ተርታ አስቡ። ቁልፉን ለነዋሪው ስጡት፤ መዶሻውን ራሱ ያነሳል።