«ካታንጋ» ከእድሳቱ በኋላ፦ ስለ ስታዲየም መቀመጫዎች ስያሜ



የአዲስ አበባ ስታዲየም መታደስ ከጀመረ ወዲህ ደጋፊዎች ሲከራከሩ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሚከራከሩት ስለ ወንበሩ ጥራት ሳይሆን ስለ ስም ነው። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፤ እነዚህ ስሞች በአዲሱ ትኬት ላይ ይጻፉ ወይስ ለፊደልና ለቁጥር ቦታ ይልቀቁ?

አንድ ወጣት «የኮንጎ ጠቅላይ ግዛት ስም ለእኛ ምናችን ነው?» ሲል ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ካታንጋ እ.ኤ.አ. በ1960 መገንጠሏን ስታውጅ፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ወደ ኮንጎ ዘምተው ነበር። የዛሬው ወጣት ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም።

የሊቨርፑሉ «ኮፕ»ም እ.ኤ.አ. በ1906 ስሙን ያገኘው፣ የእንግሊዝ ጦር በ1900 በደቡብ አፍሪካ ብዙ ሰው ካጣበት ኮረብታ ነው። ደጋፊው ቆሞ ይመለከትበት የነበረው እርከን በ1994 ፈርሶ ባለወንበር ሆነ፤ ስሙ ግን አብሮ አልፈረሰም።

እኔን የሚያመነታኝ ጥላ ፎቅ ነው። ጥላን በገንዘቡ የሚገዛውን ፀሐይ ከሚመታው ለይቶ የሚናገር ስም ነውና፣ ሁሉም ጣሪያ ካገኘ ምን ይነግረናል? «ከማን አንሼ» ግን፣ ማንም ሹም ሊያወጣው የማይችል፣ የተመልካቹ የራሱ መልስ ይመስለኛል።

ስለዚህ ፊደሉ በትኬቱ፣ ስሙ በበሩ ላይ ይጻፍ እላለሁ። ካታንጋ የተቀመጣችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ውይይቱን ከእናንተ እንጀምር።