የሐኪም ቃልና የሕመምተኛ ጆሮ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

የመስጊዳችንን ታሪክ ሌሎች ጽፈውታልና እኔ ወደ ሆስፒታል ልውሰዳችሁ። ኢማም ስለ ሐኪም ምን አገባው የሚል ካለ፣ ከሐኪም ቤት የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ወደ እኛ መሆኑን ያስታውስ። «ምን አሉህ?» ስንለው፣ «እሱ አልገባኝም፤ ብቻ ተቆጡኝ» ይላል።

በ2009 ዓ.ም. አባቴን ይዤ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄድኩ። የስኳር ሕመም አለበት፤ የግራ እግሩ ትንሽ ጣትም ቆስሎ ጠቁሮ ነበር። ስኳር ነርቭን ስለሚያደነዝዝና የደም ሥርን ስለሚያጠብ፣ እንዲህ ያለው ሰው ጫማ ቢልጠው እንኳ ሳይሰማው ይቆያል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተሰልፈን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገባን። ሐኪሙ ከካርዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «አንተ፣ እግርህን አውጣ» አለው። አባቴ ያኔ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ በሰፈራችን «አንተ» የሚሉት ታላላቆቹ ሁሉ ወደ አኺራ ሄደዋል። ከዚያ ሐኪሙ ከአጠገቡ ካለው ባልደረባው ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገረና፣ «ይቆረጣል፤ ዛሬ ትተኛለህ» ብሎ ቀጣዩን ሰው አስጠራ።

አባቴ ከዘራውን አንስቶ ወጣ። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርኳት እንግሊዝኛ የሚቆረጠው ጣቱ ብቻ መሆኑን ሰምቻለሁ። ነገር ግን አባት ሲነሳ ልጅ አይቀመጥም ብዬ ተከተልኩት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሐኪሙን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ ያን ዕለት ዝም ያልኩት እኔም ነኝ። በመንገድ ላይ «ጣትህን ብቻ ነው እኮ» ብለው፣ «ልታባብለኝ ነው፤ ከነእግሬ ብቀበር ይሻለኛል» አለኝ። በአራተኛው ሳምንት ትኩሳት ጀመረው፤ ጥቁረቱም ወደ ላይ ወጣ።

በሌላ ሆስፒታል የተቀበለችን ሐኪም ወንበር ስባ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «አባባ፣ ስለ እግርዎ እስካሁን ምን ነግረውዎታል?» አለችው። ነገራት፤ ረዘም አድርጎ ነገራት። ቀጥላም፣ «የምነግርዎ ከባድ ነገር ነው፤ ልጅዎ አብሮ ይስማ ወይስ ብቻችንን እንሁን?» ብላ ጠየቀችው። እግሩ ከጉልበቱ በታች መቆረጥ እንዳለበት ከነገረችው በኋላ ዝም አለች። አባቴ አለቀሰ። እስኪጨርስ ጠበቀችው። በመጨረሻም፣ «አሁን የተነጋገርነውን እስቲ ለእኔ መልሰው ይንገሩኝ» አለችው። ጣቱን ለመስጠት እምቢ ያለው ሰው ያን ቀን ለእግሩ ፈረመ።

ይህ የጠባይ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት 74 የሐኪምና የሕመምተኛ ንግግሮችን ሲመረምሩ፣ ሐኪሞቹ የሕመምተኛውን ንግግር ያቋረጡት በአማካይ በ18 ሴኮንድ ውስጥ ነበር። ሰው የመጣበትን ሳይናገር መልሱን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የካንሰር ሐኪሞች ከባድ ዜና የሚነገርበትን ባለ ስድስት ደረጃ ሥርዓት ጽፈው አወጡ፤ ቦታ አዘጋጅ፣ ምን እንደሚያውቅ ጠይቀው፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ተረዳ እያለ የሚቀጥል ነው። ያቺ ሐኪም ይህን ተምራ ይሁን በተፈጥሮዋ አልጠየቅኳትም።

እኛ እኮ ይህን ከአባቶቻችን ወርሰናል። መርዶ እንዴት ነው የምናረዳው? ማታ አንናገርም፤ ሰውየው ሌሊቱን ከሐዘኑ ጋር ብቻውን እንዳያድር። ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ ይሄዳል፣ ሽማግሌ ይቀድማል። መንገድ ላይ አግኝቶ «ወንድምህ ሞቷል» ብሎ የሚያልፍ ቢገኝ ዕድሜ ልኩን ይወቀሳል። ታዲያ የሰውን የራሱን መርዶ በኮሪደር ላይ መንገር እንዴት ቀለለ? የውብዳር በየነ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስላሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የጻፉት ይህንኑ ነው፤ በዚያ አገር ሐኪም ለሕመምተኛው በቀጥታ ሲነግር፣ የእኛ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ለቤተሰብ እንዲነገር ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ግን ከእኛ ሰው ጋር አልስማማም። ቤተሰብ «እንዳይደነግጥ» እያለ እስከ መጨረሻው ሲደብቅ አይቻለሁ። ሰውየው ዕዳ አለበት፣ የሚተወው ኑዛዜ አለው፣ አፉታ የሚጠይቀው ጎረቤት አለው። ይህን ሁሉ ሳይጨርስ መሄዱ ለማን ጠቀመ? እውነቱ ይነገረው፤ ግን እንደ መርዶ በሥርዓት ይነገረው።

ዐበሰ የምትባለዋን ሱራ ሁላችንም እንቀራታለን። ዐብደላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ዓይነ ስውር ነበር፤ ፊት ሲቋጠርበት አያይም። እንዲህም ሆኖ አላህ (ሱ.ወ.) ነገሩን በወሕይ አነሳው። የሚያይ ሕመምተኛማ ከቃል በፊት ፍርዱን የሚፈልገው ከሐኪሙ ግንባር ላይ ነው።

በጀመዓችን ውስጥ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የጤና ተማሪዎች አላችሁ። ድካማችሁን እናውቃለን፤ የካርዱን ክምር፣ የአዳሩን ሥራ አይተናል። «አባባ» ለማለትና ቀና ለማለት ግን ሌላ ሰዓት አያስፈልግም። የሕክምና ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕመምተኛው ፊት በዚያ ቋንቋ ስትነጋገሩ ከመካከል «ካንሰር» የምትለዋን ቃል ብቻ ለቅሞ ቤቱ እንደሚገባ አስቡ። እናንተ ቤተሰቦች ደግሞ ታማሚ ስታጅቡ ደፋር ሰው አስከትሉ፤ «ዶክተር፣ አልገባንም፤ ይድገሙልን» የሚል ሰው። እንደ እኔ ዓይነቱን አይደለም።

አባቴ ዛሬም በክራንች ጁምዓ ይመጣል፤ ወንበሩ ከመጀመሪያው ሰፍ ጫፍ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሐኪም አንስቶ አያውቅም። ለሁለተኛዋ ግን ስሟን እንኳ ሳያውቅ ዱዓ ያደርግላታል፤ «ያቺ ቁጭ ብላ ያናገረችኝ ልጅ» ይላታል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።