ዝግጅቱ የማን ነው?

የክበብ ዝግጅት ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ኳስ ነው፣ አይደል? እስቲ ሄሞፊሊያ ያለባቸውን ልጆች ከነቤተሰባቸው ጋበዛችሁ እንበል። ደማቸው ቶሎ አይረጋም። በዘር የሚመጣ እንጂ የሚጋባ በሽታ አይደለም፤ በብዛት የሚታየውም በወንዶች ላይ ነው። ኳስ ቢወዱም አንድ ግጭት ጉልበታቸውን ውስጥ ለውስጥ ሊያደማው ይችላል።

እኔ ፕሮግራም ከመጻፌ በፊት ቤተሰቡን እጠይቃለሁ። አንዲት እናት «ንግግሩ ይቅርብኝ፤ እንደኔ ያለች እናት አገናኙኝ» አሉኝ። ንግግሩን አሥር ደቂቃ አደረግነው፤ የቀረው ሰዓት ለቡና ሆነ። አዳራሹ ደረጃ የሌለው፣ ለሆስፒታል የቀረበ ነበር። በረዶ አዘጋጀን። አስፕሪን መድማትን ስለሚያባብስ ማንም እንዳይሰጥ ተነጋገርን። ለልጆቹ ቼዝና ዳማ። እህቶቻቸውም ተጠሩ፤ ለሚወልዱት ልጅ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ የራሳቸው ጥያቄ አላቸው።

ፎቶ ግን ያለፈቃድ የለም! በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ የሄሞፊሊያ ሕሙማን ከደም በተሠራ መድኃኒት ሳቢያ ኤችአይቪ ይዟቸው፣ መገለሉም ተደርቦባቸው ነበር።

ሚያዝያ 9 የዓለም ሄሞፊሊያ ቀን ነው። ክበባችሁ ካሰበበት በሐኪማቸው በኩል አስጠይቁ፤ «አንፈልግም» ካሉም እሺ በሉ።