የማይተዋወቁ ካርዶች
(በአባላት ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ስለ ኩላሊት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። አንድ ደጋፊያችን «ከአባሎቻችሁ ስንቶቹ የኩላሊት ችግር አለባቸው?» ብለው ቢጠይቁን መልስ አጣን። የቁጠባውንና የብድሩን እስከ ሳንቲም የምንናገር ሰዎች ዝም አልን።

የኩላሊት ሕመም ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያሳምም። የሚታወቀው በደምና በሽንት ምርመራ ነው። ሥር የሰደደ የሚባለው ደግሞ ችግሩ ከ3 ወር በላይ መቆየቱ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ አንድ ወረቀት አይበቃም፤ ሁለት ያስፈልጋል፤ ሁለቱም የአንዲት ሴት መሆናቸው መታወቅ አለበት። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። አንዲት እህት መጀመሪያ ላሊበላ፣ ቀጥላ ልጇ ዘንድ ወልድያ ሄዳ ብትመረመር ካርዶቹ አይተዋወቁም። እዚህ በቤት ስሟ፣ እዚያ በመዝገብ ስሟ ከተጻፈችማ ሁለት ሰው ሆነች ማለት ነው። ሳትቆጠር ቆይታ ኩላሊቷ ሥራ ሲያቆም ዲያሊሲስ ይመጣል፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን ነው። ከላስታ ተነስቶ ይህን የሚችል ቤት ስንት ነው?

እኛ በየወሩ የባንኩን መግለጫ ከራሳችን መዝገብ ጋር እናስታርቃለን። የጤናውም መዝገብ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ለየነዋሪዋ አንድ ቁጥር ስለሰጠች አጥኚዎቿ የላቦራቶሪውን፣ የሆስፒታሉንና የሞቱን መዝገብ አገናኝተው ኩላሊት የት፣ በማን ላይ፣ ከስኳር ጋር ይሁን ከደም ግፊት ጋር እንደሚጎዳ ይቆጥራሉ። እኛም ዘንድ የጤና ኤክስቴንሽን የቤተሰብ ማህደር፣ የጤና መድህን መታወቂያ፣ አሁን ደግሞ ባለ 12 አሃዙ ፋይዳ አለ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ግን ወረቀት የነበረው ብዙ መዝገብ አብሮ ጠፍቷል።

«ሕመሜ ከታወቀ ብድር ትከለክሉኛላችሁ» ያለችን እህት አለች። ፍርሃቷ ተገቢ ነው። የብድር ኮሚቴው የጤና ወረቀት አያይም፤ ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ለጥናት ስም ተሰርዞ ይሰጣል ይባላል። በትንሽ ቀበሌ ግን ስም መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። «የ52 ዓመት፣ ጠላ ሻጭ» ከተባለ ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። አጥኚ ሲመጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንን ይሁን።

እስከዚያው፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባችሁ ቅድሚያ፣ ስትወጡ ከእኛ አንዳንድ ፖስታ ውሰዱ። ላዩ ላይ ስማችሁን ልክ በፋይዳው እንደተጻፈው ጻፉ፤ የምርመራ ውጤት ቅጂ እየጠየቃችሁ ከነቀኑ አስቀምጡበት፤ በተመረመራችሁ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ወጪው ከጽሕፈት መሣሪያ በጀት ተይዟል።