የዕለት ሽያጭና ግብር



እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ግብራችሁ ደመወዙ ከእጃችሁ ሳይገባ ስለሚቀነስ የእኛ የቸርቻሪዎቹ ነገር ሩቅ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን ሱቅ የያዘ ወንድም ወይም እኅት የሌለው ከመካከላችሁ ጥቂት ነውና በደብረ ታቦር የደረሰብኝን ላጫውታችሁ።

በ2009 ዓ.ም. የዕለት ገቢ ግምት በተጠና ጊዜ ገማቾቹ ከሱቄ ገብተው በቀን ስንት እንደምሸጥ ጠየቁኝ። የጻፍሁት አንዳች ስላልነበረ በአፌ መለስሁ፤ እነርሱም ዕቃውን አይተው ገመቱ። ቁጥሩ በደረሰኝ ጊዜ የዕለቱ ግብር መስሎኝ ሱቄን ዘግቼ ዋልሁ። በዚያው ክረምት በአዲስ አበባም ብዙ ነጋዴ እንዲሁ ተደናግጦ ነበር። ቁጥሩ ግን የሽያጭ ግምት እንጂ ግብር አልነበረም፤ ግብሩ ያን ጊዜ ይሰላ የነበረው ከዓመቱ ሽያጭ ላይ ለየንግዱ ዓይነት ትርፍ ነው ተብሎ ከሚያዘው ነበር።

ይህን ያስረዳኝ ጸሐፊ የሆነው የእኅቴ ልጅ ነው። «አጎቴ፣ ደብተርዎ የት አለ?» ቢለኝ አፈርሁ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ለቅሬታ 21 ቀን ሰጥቶ ነበር፤ እኔ ግን ቀኑን በየጠጅ ቤቱ ሳማርር ጨረስሁት። ያለ ደብተርስ ምን ብዬ እከራከር ነበር?

ከዚያ ወዲህ የገዛሁትን፣ የሸጥሁትን፣ የቤት ኪራዩንና የጋሪውን ዋጋ ማታ ማታ መጻፍ ያዝሁ። በመጀመሪያው ወር ያስደነገጠኝ ግብሩ አይደለም፤ ከጉና ሥር እያስመጣሁ የምሸጠው ድንች ያከስረኝ ኖሯል። የበሰበሰውን ቆጥሬ አላውቅም ነበርና።